ስንገዛ ያጎደልነው ስንሸጥ ይቆጠርብናል



ዛሬ ስለ ሸቀጥ፣ ስለ ጉምሩክ ወይም ስለ ሞያሌ መንገድ አናወራም። ብዙዎቻችን በንግድ ያገኘነውን ገንዘብ ስላስገባንበት ነገር፣ ስለ ቤት እናወራለን። በተለይ ደግሞ በሰው አገር የገዛነውን ቤት ስንሸጥ መንግሥት ስለሚወስደው ድርሻ።

ነገሩን ያነሳነው ከመካከላችን አንዱ ወንድማችን ላይ በደረሰው ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ናይሮቢ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ በ10 ሚሊዮን ሽልንግ ገዛ። ዶላር ያኔ 100 ሽልንግ ገደማ ስለነበር ያወጣው 100 ሺህ ዶላር መሆኑ ነው። ዘንድሮ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሊመለስ አስቦ ቤቱን በ13 ሚሊዮን ሸጠ። ዶላር 130 ሽልንግ አካባቢ ስለሆነ በእጁ የገባው ያው 100 ሺህ ዶላር ነው። «አላተረፍኩም፣ አልከሰርኩም» ብሎ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ጠበቃው ደወለለት። «ስም ከመዛወሩ በፊት የሚከፈል ግብር አለ፤ 1 ሚሊዮን 50 ሺህ ሽልንግ» አለው። ከ8 ሺህ ዶላር በላይ መሆኑ ነው።

ወንድማችን መጀመሪያ ጠበቃውን ተጠራጠረ፣ ቀጥሎ ደላላውን፣ ከዚያ ደግሞ «የውጭ ዜጋ ስለሆንኩ ነው» አለ። ወረቀቱን አንድ ላይ ሆነን ስናየው ግን ሦስቱም ጥርጣሬዎች ትክክል አልነበሩም። ከግብሩ የሚበዛውን ክፍል በራሱ ላይ ያመጣው ከዘጠኝ ዓመት በፊት በፈረመው ውል ነው። ይህ ደግሞ የእሱ ብቻ ታሪክ አይደለም። የብዙዎቻችን ካዝና ውስጥ ተመሳሳይ ውል ተቀምጧል።

ሕጉ የሚለው

ኬንያ ቤትና መሬት ሲሸጥ በሚገኘው ጥቅም ላይ የሚጣለውን ግብር፣ እኛ በተለምዶ ካፒታል ጌይን የምንለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አቁማው ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል ሻጭ ይህን ግብር ሳያውቅ ኖረ። ከጥር 1 ቀን 2015 ጀምሮ በ5 በመቶ ተመለሰ፣ ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ደግሞ ወደ 15 በመቶ ከፍ አለ። ከ2023 በፊት የገዛ ሰው «እኔ ስገዛ 5 በመቶ ነበር» ማለት አይችልም። የሚታየው የተሸጠበት ቀን እንጂ የተገዛበት አይደለም።

ግብሩ የሚሰላው በሽያጩ ዋጋ ላይ ሳይሆን በልዩነቱ ላይ ነው። ከተሸጠበት ዋጋ ላይ የተገዛበት ዋጋ ይቀነሳል። ስንገዛ የከፈልነው የቴምብር ቀረጥና የጠበቃ ክፍያ፣ ቤቱን ለማሻሻል ያወጣነው፣ የባለቤትነት ክርክር ገጥሞን ለመከላከል ያወጣነው፣ ስንሸጥ ለደላላና ለጠበቃ የከፈልነውም ይቀነሳል። በቀረው ላይ 15 በመቶ ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ በዚያው ሽያጭ ላይ ሌላ የገቢ ግብር አይጨመርበትም።

አሁን የወንድማችንን ሒሳብ እንየው። ለቀላልነት ሌላ ወጪውን እንተወው። የገዛው በ10 ሚሊዮን፣ የሸጠው በ13 ሚሊዮን ነው። ልዩነቱ 3 ሚሊዮን፣ ግብሩ 450 ሺህ ሽልንግ መሆን ነበረበት። 1 ሚሊዮን 50 ሺህ ከየት መጣ?

ከውሉ መጣ። ሲገዛ ውሉ ላይ የተጻፈው 6 ሚሊዮን ነበር። ቀሪውን 4 ሚሊዮን በጥሬ ገንዘብ ሰጠ። ለምን ቢባል ገዢ የሚከፍለው የቴምብር ቀረጥ በከተማ 4 በመቶ ስለሆነ «160 ሺህ ሽልንግ ትቆጥባለህ» ብለው መክረውት ነው። ቆጠበም። ዛሬ ግን በመዝገቡ ላይ የገዛበት ዋጋ 6 ሚሊዮን ስለሆነ ልዩነቱ 7 ሚሊዮን ሆነ። የ7 ሚሊዮን 15 በመቶ 1 ሚሊዮን 50 ሺህ ነው። 160 ሺህ ለመቆጠብ ብሎ 600 ሺህ ተጨማሪ ከፈለ። ሻጩ ያኔ የራሱን ግብር ቀነሰ፣ ጭነቱን ለወንድማችን አሸክሞት ሄደ።

በዚህ ላይ ወጥ ቤቱንና መታጠቢያውን ለማደስ 900 ሺህ ሽልንግ ያህል አውጥቶ ነበር። ደረሰኝ ቢኖረው ግብሩ በ135 ሺህ ይቀንስለት ነበር። ሠራተኞቹን በእጅ ከፍሎ፣ ዕቃውን ያለ ደረሰኝ ገዝቶ ስለነበር አንዷም ሽልንግ አልተቀነሰችለትም።

ይህን ስንል ዋጋ አሳንሶ መጻፍ በሕግ የሚያስጠይቅ መሆኑንም አንረሳም። ነገር ግን ሕጉን ባንፈራ እንኳ ነጋዴ ነንና ሒሳቡን እንፍራው። በሸቀጥ ላይ እንዲህ ያለ ንግድ የሚያደርግ ሰው ብናይ እንስቅበታለን።

የውጭ ዜጋ መሆንና ነዋሪ አለመሆን

«የውጭ ዜጋ ስለሆንን ነው» የሚለው ቅሬታ በየቡና ቤቱ ይሰማል። ኬንያ ላይ ግን ቤት ሲሸጥ 15 በመቶው ለዜጋውም፣ ለውጭ ዜጋውም፣ ለነዋሪውም፣ ነዋሪ ላልሆነውም አንድ ነው። ልዩነት ያለው ሌላ ቦታ ነው።

የመጀመሪያው የይዞታው ዓይነት ነው። የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 65 የውጭ ዜጋ መሬት የሚይዘው በሊዝ ብቻ እንደሆነ፣ ያም ከ99 ዓመት እንደማይበልጥ ይደነግጋል። ሊዙ እያጠረ በሄደ ቁጥር የሚገዛን ሰው ዋጋ ይቀንሳል። ስለዚህ ስንገዛ «ስንት ዓመት ቀረው» ብሎ መጠየቅ የመሸጫውን ዋጋ ዛሬ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው የኪራይ ገቢ ነው። ቤቱን እስክንሸጠው አከራይተነው ከሆነ፣ ነዋሪ የሆነ ሰው በዓመት ከ288 ሺህ እስከ 15 ሚሊዮን ሽልንግ ባለው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ላይ 7.5 በመቶ ይከፍላል። ነዋሪ ያልሆነው ግን ከጠቅላላው ኪራይ 30 በመቶ ነው የሚቀነስበት። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ነዋሪነትና ዜግነት አንድ አይደሉም። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው በዓመቱ ውስጥ 183 ቀን ኬንያ ከቆየ ለግብር ነዋሪ ነው። የዘንድሮውና ያለፉት ሁለት ዓመታት ቆይታው በአማካይ በዓመት ከ122 ቀን ካለፈም እንዲሁ። እኛ በየወሩ ድንበር የምንሻገር ሰዎች ፓስፖርታችን ላይ ያለው ማኅተም የግብር ወረቀት መሆኑን ገና አልተረዳንም። የመግቢያና የመውጫ ቀናችንን የሚቆጥር ስንታችን ነን?

በሰው ስም መግዛት

ከዋጋ ማሳነስ የሚብሰው ልማዳችን ይህ ነው። «እኔ የውጭ ዜጋ ነኝ፣ ጣጣው ይበዛል» እያልን በኬንያዊ ዘመድ፣ በጓደኛ ወይም በንግድ ሸሪክ ስም እንገዛለን። አብዛኛው ጊዜ ሰውየው ታማኝ ነው። ችግሩ ሰው ይሞታል፣ ይፋታል፣ ዕዳ ይገባል። ያኔ ቤቱ የወራሹ፣ የትዳር ጓደኛው ወይም የባንኩ ጉዳይ ይሆናል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ በግብሩ በኩል ያለውን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም።

የኬንያ ሕግ አንድ ትልቅ ነፃነት ይሰጣል። አንድ ሰው የራሱ በሆነ ቤት ውስጥ ከመሸጡ በፊት ያሉትን ሦስት ዓመታት ሳያቋርጥ ከኖረበት፣ በሽያጩ ላይ የካፒታል ጌይን ግብር አይከፍልም። ቁልፉ ቃል «የራሱ በሆነ» የሚለው ነው። በሰው ስም ያለ ቤት ውስጥ አሥር ዓመት ብንኖር ባለቤቱ እኛ አይደለንም። ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው ሰው ደግሞ አንድ ቀን አላደረበትም። ስለዚህ ነፃነቱን እኛም አናገኝ፣ እሱም አያገኝ። ቤቱ በስማችን ቢሆን ኖሮ ምንም የማንከፍልበትን ሽያጭ ሙሉ 15 በመቶ እንከፍልበታለን። ከሕግ ውጭ ሆነን ሕጉ የሰጠንን መብት ራሳችን ጣልነው ማለት ነው።

ሕገ መንግሥቱም ይህን መንገድ አስቀድሞ አይቶታል። በአደራ የተያዘ መሬት የዜጋ ይዞታ የሚባለው ጥቅሙ በሙሉ ለዜጎች ከሆነ ብቻ ነው። ኩባንያም የዜጋ የሚባለው ሙሉ በሙሉ በዜጎች የተያዘ ከሆነ ነው። ስለዚህ «ስሙ የእሱ፣ ጥቅሙ የእኔ» የሚል የእጅ ወረቀት ፍርድ ቤት ቀርቦ ያድነናል ብለን አንጽናና።

«በኩባንያ ስም ግዛና ቤቱን ሳይሆን ሼሩን ሽጥ» የሚል ምክርም አለ። ይህም በር እየጠበበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የፋይናንስ ሕግ የውጭ ባለሀብት ከዋጋው ከ20 በመቶ በላይ ኬንያ ካለ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚመነጭ ሼር ሲሸጥም ግብሩ እንዲያገኘው አድርጓል። ለአንድ አፓርታማ ኩባንያ አቋቁሞ በየዓመቱ የሒሳብ ባለሙያ መክፈል የሚያዋጣ አይመስለንም።

ታዲያ ግብሩ ፍትሐዊ ነው?

እዚህ ላይ እኛ ራሳችን አልተስማማንም፤ ክርክሩን እንዳለ እናቅርበው።

አንዳንዶቻችን «ጨርሶ መከፈል የለበትም፣ ቤቱን የገዛነው ግብር ከተከፈለበት ገንዘብ ነው» ይላሉ። ይህን አንቀበልም። ናይሮቢ ውስጥ የቤታችን ዋጋ የጨመረው እኛ ስለጠገንነው ብቻ አይደለም። መንገድ ተሠራ፣ ውኃና መብራት ገባ፣ ገበያው ሰፋ። ያንን ያደረገው ሕዝብ ከጭማሪው ድርሻ መጠየቁ ነውር የለውም። እኛም አገራችን ላይ የውጭ ሰው መጥቶ አትርፎ ሲሄድ ድርሻችንን እንጠይቃለን።

ሌሎቻችን «15 በመቶ ብዙ ነው» ይላሉ። ታንዛኒያን እንይ። እዚያ ነዋሪ የሆነ ሰው ከጥቅሙ 10 በመቶ ሲከፍል፣ ነዋሪ ያልሆነው የሚከፍለው ከዚያ እጥፍ ያላነሰ ነው። መሬትም ለውጭ ዜጋ የሚሰጠው ለኢንቨስትመንት ብቻ ነው። በዚህ ሚዛን ኬንያ ለዜጋውም ለእንግዳውም አንድ መጣኔ ማድረጓ የሚመሰገን ነው። መጣኔው ላይ አንጣላም።

የምንጣላው በሌላ ነገር ነው። ወደ ወንድማችን እንመለስ። ውሉ ላይ እውነተኛውን 10 ሚሊዮን ጽፎ ቢሆን እንኳ 450 ሺህ ሽልንግ ይከፍል ነበር። በምን ላይ? በ3 ሚሊዮን ጥቅም ላይ። ያ ጥቅም ግን የለም። 100 ሺህ ዶላር አስገብቶ 100 ሺህ ዶላር አወጣ። የጨመረው የቤቱ ዋጋ ሳይሆን የቀነሰው የሽልንጉ አቅም ነው። የኬንያ የካፒታል ጌይን ስሌት ደግሞ ለዋጋ ንረትም ሆነ ለምንዛሪ ለውጥ ማስተካከያ አያደርግም።

«ይህ የውጭ ባለሀብት ቅሬታ ነው፣ በሽልንግ የሚኖረው ኬንያዊ ዶላር ምን አገባው» የሚል ሰው ይኖራል። ያገባዋል። በ2016 በ10 ሚሊዮን ቤት ገዝቶ ዛሬ በ13 ሚሊዮን የሸጠ ኬንያዊ በዚያ ገንዘብ ያንኑ ዓይነት ቤት ልግዛ ቢል ግብሩን ከከፈለ በኋላ ይጎድለዋል። እሱም ያላተረፈውን ትርፍ ከፍሏል። ስለዚህ ጥያቄያችን «ለእኛ ለእንግዶች ልዩ አስተያየት ይደረግ» የሚል አይደለም። ለሁሉም ሰው የተገዛበት ዋጋ በዋጋ ንረት ልክ ተስተካክሎ ይቆጠር ነው። ቢያንስ ከአምስት ዓመት በላይ ለተያዘ ቤት ይህ ቢደረግ ለመንግሥትም ይጠቅማል። ሰው ውሉ ላይ እውነተኛውን ዋጋ ለመጻፍ አይፈራም፣ መዝገቡም እውነት ይሆናል።

ነገሩ ወደ አዲስ አበባም መጥቷል

ይህን ሁሉ ስለ ናይሮቢ ብቻ አላወራነውም። የ1952ቱ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 390 የውጭ አገር ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክል ነበር። የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ለያዙ ወገኖቻችን በሩ የተከፈተው በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለውጭ ዜጎች በሙሉ የሚሆን አዋጅ አጸደቀ። ከ150 ሺህ ዶላር ያላነሰ የሚያወጣ የውጭ ሰው ቤት ባለቤት መሆን ይችላል፤ መሬቱ ግን እንደ ቀድሞው የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ኬንያዊው፣ ሱዳናዊው፣ ጅቡቲያዊው የንግድ ሸሪካችን አሁን «አዲስ አበባ ቤት ልግዛ ወይ» ብሎ እኛን እየጠየቀ ነው።

ምን ብለን እንመልስለት? መግቢያው ተነግሮታል። ሲወጣ የሚሆነውን ግን እሱም ይጠይቃል፣ እኛም እንጠይቃለን። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የማይንቀሳቀስ ንብረት በማስተላለፍ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ይጥላል። መጣኔው ከኬንያው ጋር አንድ ሆነ። የእኛ ብር ግን ከሽልንጉ ይልቅ ወርዷል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ጊዜ 100 ሺህ ዶላር ቀይሮ በ5.7 ሚሊዮን ብር ቤት የገዛ ሰው፣ ዶላር 140 ብር ሲሆን በ14 ሚሊዮን ቢሸጠው ያገኘው ያንኑ 100 ሺህ ዶላር ነው። በመካከሉ ያለው 8.3 ሚሊዮን ብር ትርፍ ነው ወይስ አይደለም? የሸጠውን ገንዘብስ በዶላር ቀይሮ ለመውጣት ስንት ወር ይጠብቃል? ከሁለቱ ጥያቄዎች ሁለተኛው ለነጋዴ ይበልጥ ያስፈራል። ግብር የሚታወቅ ወጪ ነው፤ የማይወጣ ገንዘብ ግን ወጪ ሳይሆን እስር ነው።

የምንጠይቀው ይህንን ነው። የውጭ ዜጋ ቤት ሲገዛ ያስገባው ዶላርና የቀኑ ምንዛሪ በውሉ ላይ አብሮ ይጻፍ። ሲሸጥ ጥቅሙ ከዚያ ተነስቶ ይሰላ። ግብሩን የከፈለበት ደረሰኝ ደግሞ ቀሪውን ገንዘብ ወደ መጣበት ለማውጣት በቂ ማስረጃ ሆኖ ባንክ ይቀበለው። ሦስቱም በአንድ ገጽ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ገዢው ከመፈረሙ በፊት ይሰጠው። ይህ ለባለሀብቱ ችሮታ አይደለም። መውጫውን ያላየ ሰው ዋጋ አሳንሶ ይጽፋል፣ በሰው ስም ይገዛል፣ ገንዘቡን በጓሮ በር ያወጣል። እኛ ናይሮቢ ላይ ያደረግነውን እሱ አዲስ አበባ ላይ ይደግመዋል።

እስከዚያው እኛ ምን እናድርግ

ከመንግሥታት የምንጠይቀው አለ፤ ከራሳችን የምንጠይቀው ግን ነገ ጠዋት የሚጀመር ነው።

ስንገዛ እውነተኛውን ዋጋ እናስጽፍ፣ ክፍያውንም በባንክ እናድርግ። ሻጩ «ዝቅ አድርገን እንጻፍ» ካለን የእሱን ግብር እኛ እንድንከፍልለት እየጠየቀን መሆኑን እንወቅ፤ እምቢ ካለም ሌላ ቤት አለ።

አንድ ፋይል እንክፈት። ውሉ፣ የቴምብር ቀረጥ ደረሰኙ፣ የጠበቃው ክፍያ፣ የእድሳቱ ደረሰኝ ሁሉ እዚያ ይግባ። ፎቶ አንስተን ለትዳር ጓደኛችን ወይም ለታላቅ ልጃችን እንላክ። ስልክ ይጠፋል፣ ሰውም ይሞታል።

በሰው ስም የገዛን ደግሞ ሰውየው በሕይወት፣ ፍቅሩም ሳለ ጠበቃ ዘንድ አብረን እንሂድ። ማስተካከሉ ወጪ ይኖረዋል። ወራሾቹ ፊት ከመቆም ግን ይረክሳል።

የቤት ዋጋ ስናወራ ደግሞ «ስንት ገባ» ብቻ ሳይሆን «ስንት ይወጣል» ብለን እንጠይቅ። ጨርቅም ሆነ ቡና ስንነግድ መሸጫውን ሳናውቅ አንገዛም። በሕይወታችን ትልቁን ግዢ ስንገዛ ይህንን ልማድ በር ላይ ጥለነው መግባታችን ይገርማል።

ወንድማችን ግብሩን ከፍሎ ሄዷል። ከመሄዱ በፊት «ይህን ጻፉት፣ ስሜን ግን አትጥሩ» ብሎን ነበር። ቃላችንን ጠብቀናል። እናንተም ዛሬ ማታ ያንን ውል ከካዝናው አውጥታችሁ ዋጋው የተጻፈበትን መስመር አንብቡት።